የመስኮት ዳር ወንበር

አውሮፕላን ውስጥ እግርን ዘርግቶ የሚተኙበት ወንበር እንዳለ ያወቅሁት መካነ ሰላም፣ አክስቴ ሳሎን ወለል ላይ ነው። አውሮፕላን ከሩቅ፣ በሰማይ ሲያልፍ እንጂ በቅርብ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ስለ ወንበሮቹ አሁን ማንም ቢጠይቀኝ እመልሳለሁ። የትኛው አልጋ እንደሚሆን፣ የትኛው ከኩሽናው አጠገብ እንደሆነ፣ በየትኛው በኩል የተቀመጠ ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ ጎረቤቱን መቀስቀስ እንዳለበት አውቃለሁ። በተለይ የመጨረሻውን በደንብ ነው የማውቀው። ከመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ በፊኛዬ ነው የተማርኩት።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው። ወላጆቼ ከላላ በሚባለው ወረዳ ገበሬዎች ስለሆኑ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቴን እንድቀጥል እሳቸው ዘንድ መጣሁ። ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጨርቅ ለማምጣት ደሴ ሲመላለሱ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ከሹፌሩ ጎን ካለችው ከጋቢና በቀር ሌላ ቦታ ተቀምጠው አያውቁም ይባላል። ጋቢናው ተይዞ ከጠበቃቸው መኪናውን ትተው የሚቀጥለውን ይጠብቃሉ። ረዳቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው እዚያ የተቀመጠውን ሰው ያስነሱ ነበር አሉ።

ባለፈው ዓመት ዳሌያቸውን ታመሙ። መጀመሪያ ማነከስ መጣ፣ ቀጥሎ ምርኩዝ፣ ከዚያ ደግሞ ከሁሉም የባሰው፣ እንቅልፍ ማጣት። የእኔና የእሳቸውን ክፍል የሚለየው ስስ ግድግዳ ስለሆነ በተገላበጡ ቁጥር አልጋቸው ሲንቋቋ እሰማለሁ። ደሴ ያያቸው ሐኪም መገጣጠሚያው አልቋል፣ መቀየር አለበት አላቸው። ውጭ አገር የሚኖረው አንድ ልጃቸው ይህን ሲሰማ እዚህ አስቀይርላታለሁ ብሎ ተነሣ፤ ወረቀቱን ሲያሯሩጥ ከርሞ ቪዛውም ወጣ። ሐኪሙ ለረጅም ሰዓት ታጥፈው መቀመጥ የለባቸውም ስላለ፣ ልጃቸው የአውሮፕላኑን የፊተኛውን ክፍል፣ ቢዝነስ ክላስ የሚሉትን፣ ወንበሩ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆንበትን ቆረጠላቸው። አንዱ ወንበር ለእሳቸው ነው፣ ሌላው አብሯቸው ለሚሄድ ሰው። አብሯቸው የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ደስ አለው። አብሯቸው የሚሄደው ሰው እኔ ነኝ።

ጣጣው አክስቴ እሄዳለሁ አለማለታቸው ነበር።

አውሮፕላኑን አልፈሩም። የሚሉት ሌላ ነው፤ ሰው ፊት መተኛት። በትልቁ የገበያ ቀን፣ ያ ሁሉ ሰው እየተጋፋ እንኳ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ወንድ በሚመላለስበት መተላለፊያ ዳር እግራቸውን ዘርግተው ሊተኙ መሆኑን ስነግራቸው፣ እኔ በሽተኛ ነኝ እንጂ ሰካራም ነኝ ወይ አሉኝ። ልጃቸው በስልክ ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰም መሰለኝ። ካልመጣሽ እግርሽ አልጋ ላይ ሊያስቀርሽ ነው ሲላቸው ዝም አሉ። አክስቴ ዝም ሲሉ እሺ ማለታቸው አይደለም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጃቸው የወንበሮቹን ሥዕል በስልኬ ላከልኝ። ሥራ ሳልገባ መርጣችሁ ንገሩኝ፣ ካልመረጣችሁ ማሽኑ የፈለገበት ይመድባችኋል፣ ሊለያያችሁም ይችላል የሚል መልእክት ነበረው። ሥዕሉ ለመረዳት ቀላል ነው። በየረድፉ በዚህኛው ግድግዳ በኩል ሁለት ወንበር፣ መሀል ላይ ሁለት፣ በዚያኛው ግድግዳ በኩል ሁለት። በመካከላቸው ሁለት መተላለፊያ። ነጩ ያልተያዘ፣ ግራጫው የተያዘ።

እኔ ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። ከግድግዳው በኩል ያሉትን ሁለቱን፤ አክስቴ በመተላለፊያው በኩል፣ እኔ መስኮት ዳር። አውሮፕላኑ በእኛ አገር ላይ ይለፍ አይለፍ የማውቀው ነገር የለም፤ ግን ያልፋል ብዬ ወስኜ ነበር። የዓባይን ሸለቆ ከላይ ላየው፣ መካነ ሰላምም እንደ አንድ ጭብጥ ቆርቆሮ ስታብረቀርቅ ላያት ነው። ይህንንም ለክፍል ጓደኞቼ፣ ገና ሥዕሉ ሳይመጣ፣ አይቼ የመጣሁ ያህል፣ አውርቼ ጨርሻለሁ።

አክስቴ ግን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይየው አሉ። መንገድ የሚያውቅ ሰው ማለት ጎረቤታችን ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሹፌር። መነጽራቸውን አድርገው ሥዕሉን አገላብጠው አዩና ጎማው የት ላይ ነው ብለው ጠየቁኝ። ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ይንገጫገጫል አሉ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጎማው ወደ ሆዱ ይታጠፋል አልኳቸው። ሞተሩስ? ክንፉ ላይ ነው። እንግዲያው በጣም ወደፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ ይሁን አሉ። ሹፌሩ በር ዘግቶ ነው የሚነዳው፣ አጠገቡ ተሳፋሪ አይቀመጥም አልኩ።

“ጋቢና የለውም?” አሉ አክስቴ።

የለውም ስል ፊታቸውን አየሁት። በአውሮፕላን ላይ የነበራቸው ትንሽ እምነት እዚያችው ላይ አለቀ።

እንለማመደው ያልኩት ያን ጊዜ ነው። ሐሳቡ የራሴ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ሳሎኑን እንደ አውሮፕላኑ እናድርገው፣ እትዬም ይተኙና ይሞክሩት አልኩ። አክስቴ ትንሽ አሰቡና ውል አሰሩኝ። ሰው በአጠገባቸው እያለፈ እንቅልፍ ከወሰዳቸው ይሄዳሉ። ካልወሰዳቸው እኔው ራሴ ለልጃቸው እነግራለሁ፣ ቲኬቱን ይመልሳል፣ ወሬው ዳግም አይነሣም። እኔ ሌሊት የሚንቋቋውን አልጋ ረስቼ ቶሎ ብዬ እሺ አልኩ።

ሥራዬ የጥንቃቄ ሥራ ነበር። የእኔን ፍራሽ ከግድግዳው ጋር አጣብቄ ከመስኮቱ ሥር አነጠፍኩ። የአክስቴን ከእኔው ጎን፣ ከዚያ ወዲህ መተላለፊያው፣ ከመተላለፊያው ወዲህ በሩ። ልጃቸው ወንበሮቹ በራስጌና በግርጌ መከለያ አላቸው ስላለን፣ በራስጌ በኩል ቡፌውን ገፍቼ አስጠጋሁ፤ በግርጌ በኩል ከሱቅ የተረፉትን የጨርቅ ጣቃዎች እስከ ደረቴ ድረስ ከመርኩ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚይዘው በሩ አጠገብ ብቻ ስለሆነ ስልኬን እዚያ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ድምፁን አጥፍቼ ንዝረት ላይ አድርጌዋለሁ። ሹፌሩ ከመተላለፊያው ማዶ በርጩማ ላይ ተሳፋሪ ሆነው ተቀመጡ። እኔ አስተናጋጅ ሆኜ ሻይ አቀረብኩ። ሹፌሩ አንድ ጠጥተው በቃኝ አሉ፤ አክስቴ ሊተኛ የመጣ ሰው ሻይ አይጠጣም አሉ። የቀረውን እንዳይደፋ እኔ ጠጣሁት። ብዙ ነበር።

ከዚያ በግርጌ በኩል ገብቼ፣ የመጨረሻዎቹን ጣቃዎች ከውስጥ ሆኜ ደርድሬ፣ ቦታዬ ላይ ተጋደምኩ። አክስቴ ዳሌያቸውን እየደገፉ ተኙ፤ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሹፌሩ በመተላለፊያው ላይ መመላለስ ጀመሩ፤ ውሉ ሰው እያለፈ ነውና።

“አረማመድህ የበቅሎ ነው” አሉ አክስቴ ከነጠላው ሥር። “አውሮፕላን ውስጥ እንዲህ የሚረግጥ አይኖርም።”

“እኔም ተሳፋሪ ነኝ፤ እንደፈለግሁ እረግጣለሁ” አሉ ሹፌሩ፤ ጭራሽ ማሳልም ጨመሩበት።

ቆየት ብሎ የዐሱር ሶላታቸው ሰዓት ደረሰና ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በዝግታ ወጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። ትንፋሼን ውጬ አዳመጥኩ። ከዚያ ድምፁ መጣ። አክስቴ አንኮራፉ! ስንት ወር ሙሉ ይህን ድምፅ አልሰማሁም ነበር። መዝለል አማረኝ። ተኙ ማለት ይሄዳሉ ማለት ነው፤ ይሄዳሉ ማለት እግራቸው ይድናል ማለት ነው። እኔም እሄዳለሁ ማለት ነው። ለመዝለል ስነሣ ነው ሻዩ ያለበትን ያሳወቀኝ።

ዙሪያዬን አየሁ። በጀርባዬ ግድግዳ። በራስጌ ቡፌ። በግርጌ ጣቃ። በፊቴ አክስቴ።

በእኛ ዘንድ የተኛ ሰው አይሻገሩትም። ልጅ ከሆነ ዕድገቱ ይቆማል ይላሉ፤ በሽተኛ ከሆነ ሕመሙ ይጸናል። ተሳስቶ የተሻገረ ሰው መድኃኒቱ አንድ ነው፤ በመጣበት መልሶ መሻገር። አክስቴ በዚህ ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ጨርቅ ሲመርጥ በተዘረጋው እግራቸው ላይ ተራምዶ ቢያልፍ፣ መንገድ ከወጣ በኋላ አስጠርተው መልሰው አሻግረውታል። እኔ የሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ እግርን መሻገር መገጣጠሚያን እንደማያሳምም በደንብ ማስረዳት እችላለሁ። ግን ለፈተና መመለስ ሌላ ነው፣ በእውነተኛ፣ በታመመ ዳሌ ላይ እግርን ማንሣት ሌላ ነው። መቀስቀስም አልችልም። ያ ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያ እንቅልፍ ላይ ነው።

በመስኮቱ ልወጣ አልኩ። ብረት አለው። በብረቱ መካከል የሚታየው ደግሞ፣ የመረጥኩት የመስኮት ዳር ወንበር የሰጠኝ ትዕይንት፣ የግቢያችን ሽንት ቤት ነበር። የቆርቆሮ በሩ ፀሐይ መትቶት ያብረቀርቃል።

በጣቃዎቹ ላይ ለመውጣት ሞከርኩ። ስገባ ቀላል የነበረው ክምር አሁን ከላይ ያለው ጣቃ ሸርተት አለና ወደ አክስቴ እግር ሊወድቅ ሲል በሁለት እጄ ያዝኩት። እንደያዝኩት ብዙ ቆየሁ። መልሼ ሳስተካክለው ላብ አጥምቆኛል። ከዚያ ስልኩ ነዘረ። እንጨት ላይ ስለተቀመጠ ድምፁ ወፍጮ ይመስላል። የአክስቴ ማንኮራፋት ተቆረጠ፤ ቆየና ቀጠለ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጃቸው ነው፣ ሥራ ሊገባ ነው፣ የትኛውን ልያዝ እያለ ነው። ደግሞ ነዘረ። በነዘረ ቁጥር ስልኩ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይጠጋል። እኔ ዓይኔን ሳልነቅል አየዋለሁ፤ እጄ አይደርስም።

ሹፌሩ ከሶላት ሲመለሱ በመስኮቱ በኩል አለፉ። በብረቱ መካከል አፌን አውጥቼ በሹክሹክታ ጠራኋቸው። ጋሼ፣ በሞቴ፣ ቀስ ብለው ገብተው ስልኩን ያቀብሉኝ አልኳቸው። ወደ ውስጥ አጮልቀው ማየት እንኳ አልፈለጉም።

“ሴትዮዋ ተኝታ ሳለ ልገባ? ዓይኗን ገልጣ ወንድ አጠገቧ ቆሞ ካገኘች አውሮፕላኑ ይቅርና እኔም ሰፈር ልለቅ ነው።”

እውነታቸውን ነው። ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው ለማለት ደግሞ አፈርኩ፤ ግን በአንድ እግር ስቆም ገባቸው። ሽንት ቤቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

“መስኮት ነው የመረጥሽው። እንግዲህ እዪ” አሉ። ቀጥለው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ እያሉ ሄዱ።

ብቻዬን ስቀር አንድ ሐሳብ መጣብኝ። አውሮፕላኑም ውስጥ እንዲሁ ነው። አክስቴ ተኝተው፣ እኔ በእሳቸውና በግድግዳው መካከል፣ ከታች ጨለማ እንጂ ምንም የማይታይ መስኮት ይዤ። ማየት የምፈልገው የአገሬ ሰማይ ገና ከመነሣታችን ያልቃል፤ የቀረው መንገድ ግን ረጅም ነው። የሥዕሉ መሀል ትዝ አለኝ። መሀል ያሉት ሁለት ወንበሮች አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መተላለፊያ አላቸው። አንዱ ሌላውን ሳይነካ ይነሣል። መስኮት ግን የላቸውም። ሐሳቡን ገፋሁት። ለጓደኞቼ ምን ልላቸው ነው? የማላውቃቸው ሰዎች ጭንቅላት አየሁ ልበል? ሐሳቡ ተመልሶ መጣ፤ ደግሜ ገፋሁት። ፊኛዬ ግን የሚገፋ ነገር አልነበረም።

ቀሚሴን ሰበሰብኩ። የቡፌውን ጠርዝ ያዝኩ። ግራ እግሬን አንሥቼ፣ ትንፋሽ ሳላሰማ፣ ከአክስቴ ወገብ በላይ አሳልፌ መተላለፊያው ላይ አሳረፍኩት። አንድ እግሬ እዚህ፣ አንድ እግሬ እዚያ፣ አክስቴ ከሥሬ፣ ልክ እንደ ድልድይ ቆሜ ሳለሁ ስልኩ ነዘረና ከወንበሩ ወደቀ።

ማንኮራፋቱ ቆመ። ነጠላው አልተገለጠም፤ ድምፅ ብቻ ከሥሩ ወጣ።

“የት ደርሰሻል?”

“መሀል ላይ ነኝ፣ እትዬ።”

“ተመለሺ።”

ሽንቴን ልል አፌን ከፈትኩ። “መጀመሪያ ተመለሺ” አሉ። ግራ እግሬን በመጣበት መለስኩት። እንደገና መስኮት ዳር ነኝ።

አክስቴ ነጠላውን ከፊታቸው ገልጠው ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እንቅልፉ ይቆጠር አይቆጠር፣ ውሉ ይፍረስ አይፍረስ የማውቀው ነገር የለም። ልጃቸው ሥራ ገብቶም ይሆናል። በመጨረሻ ድፍረት አገኘሁና፣ ተኝተው ነበር እኮ፣ አንኮራፍተዋል አልኳቸው።

“አውቃለሁ። ደስ የሚል እንቅልፍ ነበር” አሉ። ልቤ ተነሣ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። “እዚያ ግን አልተኛም። ትሻገሪኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ዓይኔ አይከደንም። ይህ እግር ሊሰነጠቅ እየሄደ ነው። በላዩ ማንም እንዲያልፍበት አልፈልግም።”

ድምፃቸው ሱቅ ውስጥ እንደማውቀው ድምፅ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ የነገሩን ስለ ወንዶቹ ብቻ ነው፤ ስለሚመላለሱት ወንዶች፣ ስለ ነጠላው። ስለ ቢላዋው አንድም ቀን አላነሡም። ዳሌያቸው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ነበር፤ ሰው የሚያለቅስ ሕፃን ላይ እጁን እንደሚያሳርፍ።

ያን ጊዜ ሐሳቡን አልገፋሁትም። መሀል ላይ ሁለት ወንበር አለ አልኳቸው። እሳቸው በራሳቸው መንገድ ይወርዳሉ፣ እኔ በራሴ መንገድ እወርዳለሁ፣ ጎን ለጎን ነን፣ ግን ማንም ማንን አይሻገርም።

“መስኮቱስ?” አሉ።

“መሀል መስኮት የለውም።”

አንገታቸውን አዙረው አዩኝ። የክፍል ጓደኞቼ ሱቃቸው እየመጡ የዓባይን ነገር እንዳወሩላቸው ያኔ ገመትኩ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። አክስቴ ከምርኩዛቸው በቀር የማንንም እጅ ይዘው ተነሥተው አያውቁም። ጎትቼ አስቀመጥኳቸው፣ ትንሽ አረፉ፣ ጎትቼ አስነሣኋቸው፣ ደግሞ አረፉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀስ ያለ ነገር አላየሁም። ልክ ቀጥ ብለው እንደቆሙ ስልኩን ከወለሉ አንሥቼ እጃቸው ላይ ጣልኩና ሮጥኩ።

ስለ ሽንት ቤቱ ብዙ አልጽፍም፤ የደረሰበት ያውቀዋል።

ውስጥ እያለሁ ስልኩ ነዘረ፤ ከዚያ የአክስቴ ምርኩዝ በግቢው ድንጋይ ላይ ሲመጣ ሰማሁ። እሳቸው የእኔን ስልክ ነክተው አያውቁም። ምኑን እንደተጫኑ እንጃ፣ የልጃቸው ድምፅ ግቢውን ሞላው። እማ፣ እማ፣ እሷ የት ሄደች፣ ልገባ ነው እኮ ይላል። አክስቴ ቆርቆሮው በር አጠገብ መጥተው ቆሙ።

“ሥራ ላይ ናት” አሉ።

ልጃቸው የመስኮቱ ወገን እንዳልተያዘና ቶሎ እንደሚይዘው ነገራቸው። መሀሉን ነው የምንፈልገው አሉ አክስቴ። መሀል የቀረው መጨረሻው ረድፍ ብቻ ነው አለ፤ ከኩሽናው አጠገብ፣ አስተናጋጆቹ ሻይ የሚያፈሉበት፣ ዕቃ የሚንኳኳበት፣ ለመተኛት የማይመች።

“እኔ ገበያ መሀል ነው ዕድሜዬን ያሸለብኩት። የሚያነቃኝ ጸጥታው ነው። መሀል ስጠን።”

ልጃቸው የወንበሩን ነገር ተወው።

“ልትመጪ ነው እማ?” አለ።

“ወንበር እየመረጥኩ አይደለም እንዴ?” አሉ አክስቴ። “ደግሞ ስማኝ። ስንመለስ ልጅቷን መስኮት ዳር ታስቀምጥልኛለህ። ያኔ እግሬ ደህና ስለሚሆን፣ መውጣት ስትፈልግ ተነሥቼ አሳልፋታለሁ።”

መወርወሪያውን አላቅቄ ልወጣ በሩን ገፋሁት። አልተከፈተም። የሽንት ቤታችን በር የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው፤ አክስቴም ምርኩዛቸውን ትተው ሙሉ ክብደታቸውን በበሩ ላይ አሳርፈው ለልጃቸው ስለ ጋቢናው እየነገሩት ነበር። ማንኳኳት እችል ነበር። አላንኳኳሁም፤ እስኪጨርሱ ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁ።